ከምርጫው በኋላ ይቅረብ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበረው። የቤት ቦታ ወሰን ጉዳይ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር አልነበረም። ጠዋት ከጓዳ ስወጣ፣ ምረጡን የሚሉት ሰዎች በየመንገዱ የሚያድሉትን ቲሸርት ለብሶ ጫማውን ሲያስር አገኘሁት። ደረቱ ላይ ትልቅ ምልክት አለበት።

«አውልቀው» አልኩት።

«ሌላው ሁሉ እርጥብ ነው እማ። ትናንት አጠብሽው እኮ።»

«እርጥቡን ልበስ።»

«ብርዱን እያየሽ?»

«ይብረድህ። ያንን ደረትህ ላይ አድርገህ ዳኛ ፊት አትቆምም።»

ሳቀብኝ። «እማ እኮ ልጆች ሳለን ሽሮ ውስጥ አጥንት ይኖራል ብላ የምትፈራ ናት» አለ ለሚስቱ። እሷም ሳቀች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አላሳልፍም ስለው አውልቆ እርጥቡን ሸሚዝ ለበሰና ሄደ። ከሰዓት ሲመለስ ሸሚዙ ገላው ላይ ደርቋል። ምን አሉህ ብዬ ብጠይቀው «ሥራ በዝቶባቸዋል፤ ከምርጫው በኋላ ተመለስ ብለውኛል» አለና ምሳውን ጠየቀኝ። ለእሱ ተራ ነገር ነው። እኔ ግን የያዝኩትን ሳህን አስቀምጬ ደጅ ወጣሁና ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ያቺን ቃል በወጣትነቴ አንድ ጊዜ ሰምቻታለሁ። እንደገና እሰማታለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ያኔ ከተማችን መካነ ሰላም እንዲህ አልነበረችም። ከገበያው ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ አሁን የሞባይል ሱቅ የተደረደረበት፣ ያኔ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ እንደ ወንዝ ይጮኻል። መታጠፊያው ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በአምስት ሳንቲም ትሸጣለች፤ ሬዲዮ ስላላት ወንዶቹ አንዷን ብርጭቆ ይዘው ግማሽ ቀን ይቀመጡባታል። ላምባ በጠርሙስ እየተለካ ይሸጣል። አቡጀዲ በክንድ ይለካል፤ ነጋዴው ክንዱ አጭር ከሆነ ሴቶች ረጅም ክንድ ያለው ሰው ፈልገው ያመጡና ያስለኩታል። ባሌ ሞላ ለሠርጋችን የገዛው የካኪ ኮት ነበረው፤ ትከሻው ሰፍቶት መስቀያ ላይ እንዳለ ይንጠለጠልበታል። አባቴ ይመር ደግሞ በረባሶውን በእጁ ይዞ ነው ወደ ከተማ የሚሄደው፤ ከተማው ጫፍ ሲደርስ እግሩን ያራግፍና ያጠልቃል። አሁን ጫማ መደርደሪያ ሙሉ ነው፣ ልጅ ልጆቼ የቱን እናድርግ ብለው ይጣላሉ፤ እኔ የአባቴን ባዶ እግር አስባለሁ።

ዓመተ ምሕረቱን አልናገርም፤ አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው የተዳርኩት፤ ቁጥር ላይ እሳሳታለሁ። ንጉሡ ሳይወርዱ የመጨረሻው ምርጫ የተደረገበት፣ ከምሥራቅ ከቆላው የተራበ ሰው ልጁን በጀርባው አዝሎ በእኛ መንገድ ማለፍ የጀመረበት ክረምት ነው። እኛ ዘንድ ረሃቡ ገና አልገባም። በልጉ ከሽፏል፣ ዳገቱ ላይ ያለው ገብስ እንደ ሽማግሌ ጢም ሳስቷል፣ ግን ጎተራ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ነበር። እኔ የመጀመሪያ ልጄን የሺን አዝያለሁ፤ ገና ዳዴ ትላለች። እናቴ ቀድማ ስለሞተች፣ አባቴም ወንድ ልጅ ስላልነበረው፣ እኔና ሞላ ከአባቴ ጋር ነበር የምንኖረው።

አባቴ የነበረው ሀብት አንድ መሬት ነው። ከከተማው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ጥቁር አፈር፣ ውሃ ገብ። ሌላው አገር ሁሉ ቢደርቅ እሷ ከሥሯ ትጠጣለች። ያቺን መሬት ግራዝማች የሚባል ባላባት አያትህ የእኛ ጭሰኛ ነበር ብሎ ከሰሰው። አባቴ የታችኛው ፍርድ ቤት ረታ። ግራዝማች ይግባኝ አለ፤ ነገሩ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ፤ ከዚያ እግድ መጣ። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ማንም እንዳያርሳት፣ ማንም እንዳያጭዳት ተባለ። አባቴ አልከፋውም። እውነቱ በእጁ ስለነበር ቀኑን ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ዘሩን በስልቻ አስሮ ከመኝታው በላይ ሰቅሎት ነበር።

የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች በዓመት አንዴ ከሩቅ ይመጡና ትንሽ ሰንብተው ይሄዳሉ። የተቆለለው ክስ ብዙ ነው፤ የሚሰሙት ጥቂቱን ነው፤ የቱን እንደሚሰሙ የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ጠዋት ጠሪው አጥሩ በር ላይ ወጥቶ የባለጉዳይ ስም ይጠራል። ስሙ የተጠራ እህል እንደሚያበራይ በሬ እየተጣደፈ ይገባል፤ ያልተጠራ ስንቁን ፈቶ ይበላል። አጥሩ ሥር ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች፣ ከከላላ በበቅሎ የመጡ ሽማግሌዎች፣ የወረኢሉ ነጋዴዎች፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚውለው። እኔም የሺን አዝዬ ከአባቴ ጋር እውል ነበር፤ ብቻውን እንዲቆም አልፈለግኩም።

ያን ዓመት ዳኞቹ ሲመጡ ምርጫው ደርሶ ነበር። ግራዝማችም ለሕዝብ እንደራሴነት ይወዳደር ነበር። አብዛኛው ሰው ማንበብ ስለማይችል ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ተሰጥቶታል፤ ለግራዝማች በሬ፣ ለአንድ የከተማ ነጋዴ ጃንጥላ፣ ለአንድ ማንም ለማያውቀው ሰው ፋኖስ። ሥዕላቸውን በዱቄት ሙጫ በየግድግዳው ለጠፉት። ሴቶቹ በዚህ ዘመን ዱቄት ግድግዳ ይበላል ወይ ብለው አዘኑ። ጃንጥላውማ መሳቂያ ሆነ፤ ልጃገረዶቹ ውሃ ሲቀዱ እንዲህ እያሉ ያዜሙበት ነበር፦

ጃንጥላው ተዘርግቶ ሰማዩን ያያል፣
ሰማዩም እንደ ዳኛ ለነገ ይላል።

አንድ ቀን ከቆላ የመጡ ባልና ሚስት የፍርድ ቤቱን ግድግዳ በጥፍራቸው ሲፍቁ አየሁ። ዘበኛው የግራዝማችን ሥዕል የሚቀድዱ መስሎት ዱላውን አንስቶ ሮጠ። ሲደርስ የፋቁትን ወደ አፋቸው ሲከቱ አየ። ዱላውን ዝቅ አድርጎ ቆመ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረላቸው። የዚያን ሰውዬ ጀርባ አሁንም አልረሳውም። ማታ የሺን ታቅፌ፣ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ፍርዱ ይደርስልን ይሆን እያልኩ አደርኩ።

የአባቴ ወዳጅ ጋሼ ሰይድ በቅሎ ነጋዴ ነበር፤ እንደ አጎቴ ነው የማየው። ከአጥሩ ሥር ከአባቴ ጋር ተቀምጦ የሚጠሩትን ስሞች እያዳመጠ ይስቅ ነበር።

«ይመር፣ ልብ ብለሃል? ትናንት የተጠራው የንብ ቀፎ ነው። ከትናንት ወዲያ ፍቺ። ዛሬ ደግሞ የጠፋች በቅሎ። ወላሂ ይቺ በቅሎ ከአንተ ቀድማ ችሎት ገባች።»

«የእኔም ይደርሳል» አለ አባቴ።

«ባላባትና ገበሬ የተካሰሱበት አንድም አልተጠራም። እነዚህ ሰዎች ምርጫው እስኪያልፍ ማንንም ማስቀየም አልፈለጉም።»

«ዳኛ ምን አስፈራው?»

«ዳኛም ነገ አለቃው ማን እንደሚሆን አያውቅም። አንተ ዛሬ ግራዝማች ላይ ብትረታ፣ ነገ ግራዝማች እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ ቢቀመጥስ? እኔ ዳኛ ብሆን እኔም በቅሎዋን እጠራ ነበር።»

«አንተማ ትገዛት ነበር» አለው አባቴ፤ ተሳሳቁ።

ግን ጋሼ ሰይድም ነገሩን ሙሉ በሙሉ አልተረዳውም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ የአንድ ገበሬ የመሬት ክስ ተጠራ። የተከሰሰው ከየትኛውም ተወዳዳሪ ጋር የማይዛመድ፣ አገር ሁሉ የጠላው ሰው ነበር። ለገበሬው ፈረዱ። እልልታው ገበያው ድረስ ተሰማ፤ ግራዝማች ራሱ ነጭ ኩታውን ለብሶ መጥቶ ገበሬውን አቅፎ ሳመው። አባቴ ይህን ሲያይ ፊቱ በራ። «ለገበሬ ይፈርዳሉ ማለት ነው» አለኝ ወደ ቤት ስንመለስ። «ለእኔም ይፈርዳሉ።» በረባሶውን ሳያወልቅ ነው እስከ ቤት የሄደው።

እኛ አገር ሰው ችሎት ብቻውን አይሄድም። ወንድሞቹ፣ አማቾቹ፣ የጎረቤት ሽማግሌዎች ከኋላው ይቆማሉ፤ አይናገሩም፣ መቆማቸው ይበቃል። ከኋላው ሰው የሌለው ባለጉዳይ ዳኛ ፊት እንደ ተሰበረ ምሰሶ ነው የሚታየው። ግራዝማች ሲመጣ በፈረስ የታጀበ ነው። አባቴ ወንድም የለው፣ እህት የለው፤ ሞላ የቀን ሥራ ፍለጋ ወረኢሉ ሄዷል፤ ጋሼ ሰይድ በቅሎ ይዞ ከላላ ገበያ ወርዶ ነበር። ከሽማግሌዎቹም አብዛኞቹ የግራዝማች መሬት ላይ ናቸው፤ አንፈርድባቸውም። ይህን የሰማ የጃንጥላው ሰው ቀስቃሽ፣ አንድ ጎረምሳ ባለሱቅ፣ ጠዋት መንገድ ላይ አስቆመን።

«አባባ ይመር፣ ይቺን ደረትዎ ላይ ያድርጓት» አለ፤ ጃንጥላ የተሣለባት መዳፍ የምታክል ወረቀት ነው። «ዳኞቹ የኋላ ሰው እንዳለዎት ያውቃሉ።»

አባቴ ወረቀቷን ገልብጦ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ መርፌ ቁልፍ አለሽ ወይ አለኝ። የየሺ ማዘያ የተያያዘበት ነበር፤ ፈትቶ ወሰደው። ጋቢው ላይ ሲያሰካው ቀጥ ብሎ ለመቆም ሞከረ። ባለሱቁን አመሰገነው፤ መረቀው።

የዚያን ቀን ጠሪው ወጣና የመጀመሪያውን ስም ጠራ። ይመር አለ። እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። አባቴም አላመነም፤ ሰዎች ገፍተው ነው ያስገቡት። እኔ መስታወት በሌለው መስኮት በኩል ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አየሁ። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ የመካከሉ መነጽር አድርጓል። ክሱን አገላበጠ፣ ቀና አለ፣ ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዓይኑ አባቴ ደረት ላይ ቆመ።

«ደረትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ጃንጥላ ነው ጌታዬ።»

ሰው ሳቀ።

«ለምን አደረግኸው?»

«ብቻዬን እንዳልመስል ነው ጌታዬ።»

ሳቁ ቆመ። ዳኛው በስተቀኙ ካለው ጋር ተንሾካሾከ። ሲመለስ ድምፁ ቁጡ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ዛሬ ብንፈርድልህ ችሎቱ ለጃንጥላ ቀሰቀሰ ይባላል። ብንፈርድብህ ለበሬ ቀሰቀሰ ይባላል። ከምርጫው በኋላ ይቅረብ።»

አባቴ መርፌ ቁልፉን ለመፍታት ታገለ። ጣቱን ወጋው። «አወለቅኩት ጌታዬ፣ ይኸው አወለቅኩት» አለ።

«አየነው እኮ» አለ ዳኛው።

«እግዱስ ጌታዬ? ዘር ደርሷል።»

«እግዱ እንዳለ ይቆያል። የሚቀጥለውን ጥራ።»

ግራዝማች ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ነጭ ኩታው ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። ማን እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቀው ምልክት አያስፈልገውም።

ጋሼ ሰይድ ሲመለስ ሰምቶ በቀጥታ ወደ ቤታችን መጣ። በሩ ላይ እንደቆመ «አብሽር ይመር፣ ምርጫው ነገ ተነገ ወዲያ ያልፋል» አለ። ያን ጊዜ ያላወቅነው፣ ምርጫው ሲያልፍ ክረምቱ እንደሚገባ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ፍርድ ቤት እንደሚዘጋ ነው። ምርጫው አለፈ። ዳኞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ከመስከረም በኋላ ይመለሳሉ ተባለ። ግራዝማችም አልተመረጠም፣ ጃንጥላውም አልተመረጠም፤ ማንም ያላስቀየመው፣ ማንም ያልፈራው ፋኖሱ ሰውዬ ተመረጠ። ዳኞቹ ያ ሁሉ የተጠነቀቁለት ሰው ከቤቱ ቀረ።

ዝናቡ ያን ክረምት ጥቂት ጥሎ ተወ። ዳገቱ ሁሉ ነደደ። ያቺ የወንዝ ዳር መሬት ብቻ አረንጓዴ ነበረች፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ደረሰ። ጭቃ ሹሙ ሣሩንም ማጨድ ክልክል ነው አለ። አባቴ ጠዋት ጠዋት እየሄደ ዳሯ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ስወርድ ሞላ ከወረኢሉ ተመልሶ አጠገቡ ቆሞ አገኘሁት።

«አባባ፣ ገብተን እንዝራ» ይለዋል። «የሚመጣው ይምጣ።»

«እግድ የጣሰ ክሱን ያጣል።»

«ክሱ ምን ይሠራል? የምትራበው ልጄ ናት።»

«የማቆየው ለማን ይመስልሃል?» አለ አባቴ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። «ለእሷ እኮ ነው። ዛሬ ሰርቄ ባበላት፣ ነገ ምን ላይ ትቆማለች?»

የያዝኩትን ምሳ መካከላቸው አስቀመጥኩ። ሁለቱም ስለ ልጄ ነበር የሚናገሩት፤ ሁለቱም እውነት ነበሩ። ስንት ሌሊት በልቤ አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ ፈርጃለሁ፤ እስካሁን ፍርዴ አልጸናም። ስለዚያ ባለመነጽር ዳኛም ክፉ ማሰብ አልቻልኩም። ጉቦ አልበላም። የፈራው ወሬ ነው። ማንም እንዳይናገርብኝ ሲል የሚሰማውንና የማይሰማውን መረጠ፤ አለመስማቱ እንደ ፍርድ አልመሰለውም ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ያ ነበር ፍርዱ።

ጥቅምት ሳይገባ ያንን ከመኝታው በላይ የተሰቀለውን ስልቻ አወረድነው። አባቴ ራሱ ነው የፈታው። ዘሩን በላነው። እሱ በላሁ እያለ ድርሻውን ለየሺ ይሰጥ እንደነበር ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የሺ ኩፍኝ ያዛት፤ በጣም ቀላል ሆና ነበር፣ ስታዘል አዝያታለሁ ወይስ ረስቻታለሁ እያልኩ እጄን ወደ ኋላ እልክ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበርናት። አባቴ ከዚያ በኋላ ወደ ወንዙ ዳር አልወረደም። ቀጥሎ በገና ሰሞን እሱም ሄደ። ጋሼ ሰይድ ከእስላም ወገኖቹ ጋር መጥቶ ጉድጓዱን ቆፈረ፤ የእኛዎቹ አቅም አልነበራቸውም።

ዳኞቹ ከዚያ በኋላ አልመጡም። ሻይ ቤቷ ሬዲዮ ላይ ሌላ ዓይነት መዝሙር መጣ፤ ንጉሡ ወረዱ፤ ግራዝማች አንድ ሌሊት ከነቤተሰቡ ጠፋ። ከዚያ መሬት የገበሬ ነው ተባለ። ካኪ ሱሪ የለበሱ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ መጡ፤ ሴቶቹም ሱሪ ለብሰው ስላየን አፋችንን ይዘን ነበር። በገመድ እየለኩ በየቤተሰቡ ብዛት መሬት ያከፋፍላሉ። የአባቴ ክስ ምን እንደደረሰ ማንም አልጠየቀም፤ ባላባት ከሌለ ክስም የለም።

የወንዙ ዳር ተራ ሲደርስ አገር ሁሉ ወጥቶ ነበር። ጋሼ ሰይድም ነበረ። ለእነዚህ ሰዎች ነው የሚገባው ብሎ ለተማሪዎቹ አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። ገመድ የያዘችው ተማሪ ደስ የምትል ልጅ ነበረች፤ ፊቷ በፀሐይ ተልጧል። ፈገግ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«እታለም፣ ቤተሰቡ ስንት ነው? በነፍስ ወከፍ ነው የምንሰጠው።»

«አራት» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

ልጅቷ ገመዱን ይዛ መሄድ ጀመረች። ጋሼ ሰይድ መሬት መሬት አየ። ማንም አልተናገረም፤ የሰማ ሁሉ ሊተውልኝ ፈልጎ ነበር። ሞላ ግን ውሸት የማይወድ ሰው ነው። ተከትሏት ሄዶ ክንዷን ነካ አደረጋት።

«ሁለት ነን» አላት።

ልጅቷ ቆመች። እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ገመዱን እየጠቀለለች ከመሬቷ እኩሌታ ላይ መጣችና ችካሉን እዚያው ተከለችው።